ማስተካከያ፦ 5 ግራም የተባለው ጨው እንጂ ሶዲየም አይደለም

ስለ ልብ ጤና ቀደም ሲል ባወጣነው ጽሑፍ፣ አንድ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 5 ግራም ሶዲየም ቢወስድ እንደማያሰጋው ገልጸን ነበር። ይህ ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ሶዲየም 2 ግራም ያህል ብቻ ነው።

ነገሩ የቃል ስህተት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። 5 ግራም ሶዲየም 12 ግራም ተኩል ያህል ጨው ይሆናል፤ ጽሑፋችንን አምኖ የተከተለ ሰው ከሚመከረው ከእጥፍ በላይ ይወስዳል ማለት ነው። የደም ግፊት ላለበት ሰው ይህ ከባድ ጉዳት ነው። አንባቢዎቻችንን ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።

5 ግራም ጨው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፤ ያውም ያልተቆለለ። ድስት ውስጥ የምንጨምረው ብቻ ሳይሆን በዳቦና በታሸገ ሾርባ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሶዲየም ከሆነ በ2.5 ያባዙት፦ 800 ሚሊግራም ሶዲየም 2 ግራም ጨው ነው።

በዚያው ጽሑፍ ከፍተኛ የደም ግፊት በራስ ምታት እንደሚታወቅ መጻፋችንም ትክክል አልነበረም። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት ስለማያሳይ የሚታወቀው በመለካት ነው። ከመለካትዎ በፊት ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ ያህል በጸጥታ ይቀመጡ፤ ክንድዎም በልብዎ ትክክል ከፍታ ይረፍ። ውጤቱ በተለያዩ ቀናት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ምንም ሕመም ባይሰማዎትም ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።