ታዳጊዎችን ከአዋቂ እስረኞች መለየት ከጎንደር ይጀመር

የሰሊጥ አጨዳ ሲቃረብ ከበለሳና ከደምቢያ ተነሥተው ወደ መተማ ከሚወርዱት የቀን ሠራተኞች መካከል ገና ድምፃቸው ያልጎረነነ ልጆች አሉ። ስንቃቸው አልቆ ጎንደር ላይ የሚቀሩት በፒያሳና በአራዳ ገበያ ሊስትሮ ይሠራሉ፣ ዕቃ ይሸከማሉ፣ በረንዳ ላይ ያድራሉ። ከእነዚህ አንዱ ስልክ ሰርቆ ቢያዝ በከተማው የሚዋሰው ዘመድ የለውም፤ ዕድሜውን የሚያስረዳ ወረቀትም በእጁ የለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ ዛሬ አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ሲወለድ የሚመዘግበው አልነበረም። ቁመቱ ዘለግ ካለ ዕድሜው በግምት ከፍ ብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ያቺ አንዲት ቁጥር ደግሞ ከማን ጋር እንደሚያድር ትወስናለች።

ሕጉ ልጅን ከአዋቂ እስረኞች ጋር ማሳደርን አይፈቅድም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 በማረሚያ ተቋማት የሚገኙ ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር እንዳይታሰር በአንቀጽ 53 ከልክሏል። ትእዛዙን የሚሸከም ተቋም ግን ከሕጉ እኩል አልተስፋፋም። ከ1930ዎቹ ጀምሮ በአዲስ አበባ ልደታ የሚገኘው የታዳጊዎች ጠባይ ማረሚያ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ሆኖ ቆይቷል። ከጎንደር እዚያ ለመድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል፤ ልጁን ወደዚያ መላክ ከእናቱም ከመንደሩም መነጠል ነው።

በአዋቂዎች ማረሚያ ቤት ግቢ ውስጥ ለልጆች አንድ ክፍል መስጠትን እንደ መፍትሔ የሚያቀርቡ አሉ። እኔ አልቀበለውም። ሌሊት በሩ ቢለይም ቀን ግቢው፣ የውኃው ወረፋና ወሬው አንድ ከሆነ ልጁ የሚውለው ከአዋቂዎቹ ጋር ነው፤ እዚያ የሚማረውንም ማንም አይቆጣጠረውም።

ደግሞም ሁሉም ልጅ የሚዘጋበት ቤት አያስፈልገውም። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 172 ታዳጊው ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለ የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ጉዳዩ ከተቀጠረም ለወላጁ፣ ለአሳዳሪው ወይም ለዘመዱ፣ እነርሱ ከሌሉ ደግሞ በቀጠሮው ቀን እንዲያቀርበው ኃላፊነት ለሚወስድ ታማኝ ሰው እንዲሰጥ ደንግጓል። ከስድሳ ዓመት በፊት ይህን የጻፉት ሰዎች የበረንዳውን ልጅ አስበውታል ማለት ነው። ታማኝ ሰው ደግሞ በጎንደር አይጠፋም፤ የዕድር ዳኞች አሉ፣ የንስሐ አባቶችና የመስጊድ ሽማግሌዎች አሉ፣ ጡረታ የወጡ መምህራን አሉ። የጎደለው እነርሱን አስቀድሞ የሚጠይቅና የሚመዘግብ አካል ነው።

የተበዳዮችን ቁጣ አላቃልልም። ስልኩን የተነጠቀ ተማሪም ሆነ በስለት የተወጋ ሰው ፍትሕ ይገባዋል። ሕጉም ለከባድ ወንጀል ወጣቱን እስከ አሥር ዓመት ማሰር ይፈቅዳል፤ ጥያቄው የሚታሰርበት ቦታና አብሮት የሚታሰረው ሰው ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ አሥራ አምስት ዓመት አልፎት አሥራ ስምንት ያልሞላው ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት እርሱንም ሕፃን ይለዋል፤ የወንጀል ሕጋችን ግን በመርሕ ደረጃ በአዋቂው ድንጋጌ ይዳኘዋል፣ ቅጣቱን ማቅለልንም ለዳኛው ይተወዋል። ይህ በአዋጅ መታረም አለበት፤ እስኪታረም ድረስ ግን የክልሉ ማረሚያ ቤቶች እርሱንም ከአዋቂው እንዳይለዩ የሚያግዳቸው ሕግ የለም።

ዕድሜን በሚመለከት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችም የሕግ መምህራንም አሉት። ጥርጣሬ ባለበት ሁሉ ልጁ በዝቅተኛው ግምት እንዲያዝ ከፍርድ ቤቱና ከፖሊስ ጋር መስማማት አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። የታማኝ ሰዎቹ ስም ዝርዝርም ከመጪው የሰሊጥ አጨዳ በፊት በየክፍለ ከተማው ተሰብስቦ በፍርድ ቤቱና በፖሊስ ጣቢያዎች ሊቀመጥ ይችላል።