የልዩ ፍላጎት ተማሪዎች ቁጥር በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ

እዚህ ጎንደር፣ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የክፍል ኃላፊ ሆኜ ባስተማርኩበት ዓመት መስከረም ላይ የምሞላው ቅጽ ተሰጠኝ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ልዩ ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች ብዛት» ይላል። ክፍሌ ውስጥ 71 ልጆች ነበሩ። ቀና ብዬ አየኋቸው። አንዱ በክራንች ይሄዳል፤ አንዷ በግራ ዓይኗ አታይም። «2» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈርሜም መለስኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ስሙን ስጠራ አንዳንዴ «አቤት» ይላል፣ አንዳንዴ ዝም። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ሁሉ አሳምሮ ይገለብጣል፤ የቃል ጥያቄ ሲመጣ ግን የጓደኞቹን ዓይን ዓይን ያያል። «ልቡ ትምህርቱ ላይ የለም» ብዬ ደምድሜ ነበር። የካቲት ላይ እናቱ መጣች። «መምህር፣ ጆሮውን ከታመመ ወዲህ እኮ በደንብ አይሰማም፤ የሚያውቁ መስሎኝ ነው» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ከፊት አስቀመጥኩት፣ ፊቴን ወደ እሱ አዙሬ መናገርም ለመድኩ። የዓመቱ ግማሽ ግን አልፎ ነበር። የጻፍኳት «2» ደግሞ ሌሎች ክፍሎች ከላኩት ጋር ተደምራ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ መምሪያ፣ ከዚያ ባሕር ዳር ወዳለው ቢሮ፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተጉዛለች። በዚህ ሁሉ መንገድ «እንዴት ሁለት ብቻ ሆነ?» ያለኝ ሰው የለም። ሊጠይቀኝ የሚችለው የሰፈር ሰው ቁጥሩን አላየውም።

ልቤን የሚያንገበግበው ይህ ነው። ስለ ልዩ ፍላጎት ተማሪዎች መረጃ አይሰበሰብም ማለት አይቻልም፤ በየዓመቱ ይሰበሰባል። ሚኒስቴሩ በሚያወጣው የትምህርት ስታቲስቲክስ ዓመታዊ ጥራዝ ውስጥም በክልል፣ በፆታና በጉዳት ዓይነት ተደርድሮ ይገኛል። ቁጥሩ ግን ወደ ላይ ይሄዳል እንጂ ወደ ታች አይመለስም። አዘዞ ወይም ማራኪ የሚኖር ወላጅ ልጁን በሚያስመዘግብበት ትምህርት ቤት ስንት ማየት የተሳናቸው ልጆች እንዳሉ፣ ብሬል (በጣት እየተዳሰሰ የሚነበብ ጽሑፍ) የሚያስተምር መምህር ይኑር አይኑር ማወቅ ቢፈልግ ከአማራ ክልል ጠቅላላ ድምር ምንም አያገኝም። ስህተቱን ለማረም ከማንም በላይ ቅርብ የሆነው ሰው ስህተቱን የማየት ዕድል የለውም።

በአገር ደረጃም አቆጣጠራችን የቱን ያህል ሊስት እንደሚችል አይተናል። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአካል ጉዳተኞችን ቁጥር ወደ 805 ሺህ፣ ከሕዝቡ 1.09 በመቶ አድርጎ አስቀመጠ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሪፖርት ደግሞ አዋቂዎችን በመጠየቅ በተሠራ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ለኢትዮጵያ 17.6 በመቶ ይላል። በእኔ ክፍል ልክ ብናሰላው በመጀመሪያው አንድ ልጅ እንኳ አይሞላም፤ በሁለተኛው 12 ልጆች ይሆናሉ። በልጆች ላይ የአካል ጉዳት መጠን ከአዋቂዎቹ ስለሚያንስ 12ቱን እንደ እውነተኛ ቆጠራ አልወስደውም። ነገር ግን ይህን የሚያህል ርቀት የተፈጠረው በአብዛኛው በአጠያየቅ ነው። «ቤታችሁ ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ?» ተብሎ በር ላይ የተጠየቀ ሰው ስንቱን ነገር አስቦ «የለም» ይላል! «መነጽር አድርጎም ቢሆን ማየት ይቸገራል? መስማትስ? መራመድስ? ማስታወስ ወይም ሐሳብ መሰብሰብስ? ራሱን ችሎ መታጠብና መልበስስ? ሐሳቡን ለሰው ማስረዳትስ?» ተብሎ በየተራ፣ ምንም አይቸገርም፣ ጥቂት ይቸገራል፣ በጣም ይቸገራል፣ ጭራሽ አይችልም በሚል መልስ ሲጠየቅ ግን ያው ሰው ሌላ ነገር ይነግርሃል። እነዚህ ስድስት ጥያቄዎች የዋሽንግተን ቡድን (በተባበሩት መንግሥታት ሥር ስለ አካል ጉዳት አቆጣጠር የሚሠራ ቡድን) ጥያቄዎች ተብለው በብዙ አገሮች ይሠራባቸዋል፤ ቡድኑ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ከዩኒሴፍ ጋር ለልጆች ብቻ ያዘጋጀው መጠይቅ አለው። እኔ ግን ያን መስከረም ማንንም ምንም ሳልጠይቅ በዓይኔ ቆጠርኩ።

ሌላው ጉዳይ የሚቆጠረው ነገር ራሱ ነው። ምዝገባና አገልግሎት አንድ አይደሉም። ዓይነ ስውር ልጅ ስሙ ሮስተር ላይ ሰፍሮ የብሬል ወረቀት፣ የብሬል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያ ሳያገኝ ዓመቱን ጨርሶ ሊወጣ ይችላል። መስማት የተሳናት ልጅ የምልክት ቋንቋ የሚችል መምህር በሌለበት ክፍል ስድስት ሰዓት ከንፈር ስታይ ትውላለች፤ ሪፖርቱ ላይ ግን «ተማሪ» ናት። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ልዩ ክፍል ገብቶ ለስንት ዓመት እዚያው እንደሚቆይ፣ ወደ መደበኛ ክፍል ስንቱ እንደሚሻገር የሚነግረን የለም። «ስንት አሉ» የሚለው ብቻውን ሲታወጅ የተደረገላቸው ነገር ያለ ይመስላል። አገልግሎቱ ካልተጻፈ ቁጥሩ ራሱ ያሳስታል ብዬ አምናለሁ።

አሜሪካ በ1975 እ.ኤ.አ. ስለ አካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት ሕግ ስታወጣ፣ ምክር ቤቱ አንድ ሚሊዮን ያህል ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሙሉ በሙሉ ውጭ እንደሆኑ በሕጉ ውስጥ አስፍሮታል። ሕጉ ግዛቶች እነዚህን ልጆች ፈልገው እንዲያገኙ ያስገድዳል። ዛሬ እያንዳንዱ ግዛት ስንት ተማሪዎች አገልግሎት እንደሚያገኙ፣ በምን ዓይነት ጉዳት፣ ከቀኑ ምን ያህሉን ከሌሎች ልጆች ጋር እንደሚማሩ፣ ስንቱ እንደተቀጡ፣ ስንቱ ተመርቀው ስንቱ እንዳቋረጡ በየዓመቱ ለሕዝብ ያሳውቃል። በ2022–23 የትምህርት ዘመን አገልግሎቱን ያገኙት 7.5 ሚሊዮን፣ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች 15 በመቶ ነበሩ። የእነሱ በጀት የለንም፤ ወረቀት በር ላይ ለመለጠፍ ግን በጀታቸው አያስፈልገንም።

ደግሞ እኛ ጎንደሬዎች በዚህ ነገር ባዶ አይደለንም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዓይነ ስውር ደቀ መዝሙር ቃሉን በጆሮው ይዞ፣ ዜማውንም አቋቋሙንም ዘልቆ መሪጌታ ሲሆን ኖሯል። የኔታ እያንዳንዱ ተማሪ የት እንደደረሰ፣ ምን እንደከበደው በቃላቸው ያውቃሉ። ያ ትምህርት በጆሮ ስለሚሄድ ዓይን ያጣው ልጅ ቦታ ነበረው፤ ጆሮ ያጣው ልጅ ግን በዚያም ቦታ አልነበረውም፤ ዛሬም በዘመናዊው ክፍል እየጠፋብን ያለው እሱ ነው። በሙያም ቢሆን ከተማችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል፣ ኅብረተሰብ አቀፍ የተሐድሶ ሥራም ለዓመታት ሲሠራ ቆይቷል። መስከረም ላይ የክፍል ኃላፊዎችን ለግማሽ ቀን ሰብስቦ አጠያየቁን የሚያሳይ ባለሙያ ከሩቅ ማስመጣት አይጠበቅብንም።

አንድ የምፈራው ነገር አለ፤ ወላጆችም በትክክል ይፈሩታል። «3ኛ ክፍል፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ 1» ተብሎ በር ላይ ቢለጠፍ የማን ልጅ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ይህ ልጁን አሳልፎ መስጠት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ባይኖር እንኳ ሊደረግ አይገባም። ሌሎች አገሮች ትንንሽ ቁጥሮችን ይሸፍናሉ። እኛም ከ10 በታች የሆነውን በጉዳት ዓይነት ሳንለይ በትምህርት ቤቱ ጠቅላላ ድምር ብቻ፣ እሱም ካነሰ በክፍለ ከተማ ደረጃ ማውጣት እንችላለን። አገልግሎቱ ግን የማንንም ገመና አይገልጥም። «የምልክት ቋንቋ የሚችል መምህር፦ የለም»፣ «የብሬል መጽሐፍ፦ የለም»፣ «መወጣጫ ያለው መጸዳጃ ቤት፦ አለ» ብሎ መጻፍ ማንን ያሳፍራል?

«በዚህ ጊዜ?» የሚለኝም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ስንት ልጅ ቤቱ ውሎ፣ ስለ ልዩ ፍላጎት መረጃ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። እኔ የተገላቢጦሹን ነው የማየው። የተዘጋ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዱላ ይዞ የሚሄደው ልጅ፣ እናቱ እጁን ይዛ የምታመጣው ልጅ ከሁሉ በኋላ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜም ጭራሽ አይመለስም። ከመዘጋቱ በፊት ስንት እንደነበሩ የሰፈሩ ሰው ካላወቀ ማን እንደቀረ በምን ይታወቃል?

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 መረጃ መሰብሰብን ብቻ ሳይሆን ማሠራጨትንም፣ ለአካል ጉዳተኞቹ ራሳቸው በሚደርስ መንገድ ማቅረብንም ግዴታ ያደርጋል። የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000ም የመንግሥት አካላት ሳይጠየቁ መረጃ እንዲያወጡ ያዛል።

ስለዚህ የከተማዋ ትምህርት መምሪያ አንድ ገጽ ወረቀት ያዘጋጅ። ምዝገባው ካለቀ በኋላ በየትምህርት ቤቱ በር፣ የፈተና ውጤት በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ ይውጣ፤ ማንበብ ለማይችሉም በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ። ስንት ተማሪዎች እንዳሉ፣ ምን እንደሚያስፈልጋቸው፣ ምን እንዳገኙና ምን እንዳላገኙ ይጻፍበት። የእኔ «2» ያኔ መስከረም ላይ በር ላይ ተለጥፋ ቢሆን ኖሮ ያቺ እናት ልጇን ልትሸኝ ስትመጣ ታያት ነበር። «መምህር፣ የእኔስ ልጅ?» ትለኝ ነበር፤ የካቲት ሳይደርስ።