ክርክር፦ የደሞዝ ስሌቱ አንድ ሰርቪስ ይሁን ወይስ እያንዳንዱ ሲስተም ራሱ ያስላው?

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አንድ ድርጅት ሁለት ዌብ አፕ አለው፣ የሰው ሀይሉ በፒኤችፒ (ላራቬል) የተሰራ፣ የፋይናንሱ ደሞ በዶትኔት፣ ሁለቱ የተለያዩ የፕሮግራም መጻፊያዎች ናቸው። የደሞዝ ግብርና የጡረታ ስሌት ለሁለቱም ያስፈልጋል፣ የሰው ሀይሉ ለአዲስ ተቀጣሪ የተጣራ ደሞዙን ያሳይበታል፣ ፋይናንሱ በወሩ መጨረሻ ይከፍልበታል። ታድያ ስሌቱ የት ይቀመጥ፣ ለብቻው በሚሮጥ ሁለቱም በሚጠይቁት ፕሮግራም (ሰርቪስ) ውስጥ ወይስ በየአፑ? ሁለት ዴቨሎፐሮች ተጻጽፈውበታል።

የሰርቪሱ ወገን፦

የኔ አቋም ግልጽ ነው፣ ስሌቱ ለብቻው አንድ ሰርቪስ ይሁን፣ ሁለቱም አፖች በኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ በሚጠያየቁበት መንገድ) ይጠይቁት፣ እሱ በጄሶን (ሁሉም ፕሮግራም በሚያነበው የጽሁፍ ቅርጽ) ይመልስላቸው። የ2017ቱን ክረምት አስታውሱ እስቲ። የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሻለና ከግብር ነጻ የሆነው ደሞዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፣ የ35 ፐርሰንቱ ግብር መነሻ ከ10,900 በላይ የነበረው ከ14,000 በላይ ሆነ፣ የ10 ፐርሰንቱ እርከን ጭራሽ ቀረ። ደሞዙ 10,000 ብር የሆነ ሰው በድሮው 2,045 ብር ግብር ይከፍል ነበር፣ በአዲሱ 1,650 ነው። ስሌቱ ሁለት ቦታ ተጽፎ አንዱ ጋ ብቻ ቢቀየር ሰውየው ሲፈርም ያየው እና አካውንቱ ላይ የገባለት በ395 ብር ይለያያል ማለት ነው። ይሄ የሰው የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው፣ ዝም ብሎ ባግ ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ደሞ ሁለቱንም ቦታ ቀየርነው እንበል፣ አሁንም ላይገጥም ይችላል። ዶትኔት ላይ ቁጥር ስታጠጋጋ (ራውንድ ስታደርግ) ካልነገርከው በስተቀር ልክ ግማሽ ላይ የሚያርፈውን ቁጥር ወደ ቅርቡ ተጋማሽ አሃዝ (0፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8) ነው የሚወስደው፣ ፒኤችፒ ግን ወደ ላይ ይወስደዋል። የ8,637 ብር ከ50 ደሞዝ 7 ፐርሰንት ጡረታ 604.625 ነው፣ በዴሲማል (ለገንዘብ በሚሆነው የቁጥር አይነት) የሚሰራው ዶትኔት 604.62 ይልሃል፣ ፒኤችፒ 604.63 ይልሃል። አንድ ሳንቲም ናት ትሉኝ ይሆናል ግን ሂሳብ ሰራተኛዋ ሁለቱን ሪፖርት ስታስታርቅ ቢሮ የምታስመሻት ያቺ የማትገጥመው ሳንቲም ናት።

የየራሱ ስሌት ወገን፦

ወንድሜ የሳንቲሟን ነገር ልክ ነህ፣ እዛ ላይ አልከራከርህም። መፍትሄው ግን ሰርቪስ ነው ወይ? አንድ ፈንክሽን (አፑ ውስጥ ያለ ትንሽ ኮድ) ከጠሩት በሚሊሰከንድ ሽራፊ መልስ የሚሰጥ ነበር፣ አሁን ኔትወርክ አቋርጦ ሄዶ የሚመጣ፣ ታይምአውት (የመጠበቂያ ገደብ) ያለው፣ ቶክን (የመግቢያ ቁልፍ) የሚፈልግ፣ የራሱ ሰርቨርና የራሱ ሎግ (የስራ መዝገብ) ያለው ሌላ ሲስተም አደረግከው። በወሩ መጨረሻ ፔይሮል (የደሞዝ ዝርዝሩ) በሚሰራበት ቀን ያ ሰርቪስ ቢወድቅ ሁለቱም አፖች አብረው ይቆማሉ፣ ሌሊት ተነስቶ የሚያስነሳውስ ማነው? ሶስት ሰው ባለበት ቲም ይሄ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። እርከኑ ከ2017 በፊት የተቀየረው በ2008 ነው፣ 9 አመት ሳይነካ ለቆየ ነገር በየገጹ ኔትወርክ መጥራት አይታየኝም።

እኔ የምለው የሚጋራው ነገር የሚሮጠው ኮድ መሆን የለበትም፣ ህጉ ራሱ ይሁን። እርከኖቹ ከነመነሻ ቀናቸው በአንድ የጄሶን ፋይል ተጽፈው በአንድ ጊት ሪፖ (የኮድ ለውጥ የሚመዘገብበት ማከማቻ) ይቀመጡ፣ ሁለቱም አፖች እሱን ያንብቡ። የመነሻ ቀኗ ትልቅ ነገር ናት፣ ምክንያቱም ኦዲተር መጥቶ የሰኔን ፔይሮል እንደገና አስሉልኝ ካለ በሰኔው የድሮ እርከን ነው የሚሰላው እንጂ በሐምሌው አዲስ እርከን አይደለም። ከዛ ሁለተኛ ፋይል ይኑር፣ ደሞዝና ትክክለኛ መልስ የተደረደረበት፣ ያንተ 8,637.50ም እዛው ውስጥ። ሁለቱም አፕ ያንን ፋይል እንደ ቴስት ያስኪደው፣ አንዷ መስመር ካልገጠመች ዴፕሎይ (አዲሱን ኮድ ስራ ላይ ማዋል) የለም። ያኔ ዶትኔት የሚጽፈው ልጅ ማጠጋጊያውን በግልጽ ለመጻፍ ይገደዳል። ስሌቱ ራሱ እኮ 10 መስመር ቢሆን ነው።

(ስቶርድ ፕሮሲጀር ማለትም ዳታቤዙ ራሱ ውስጥ የሚቀመጥ ኮድ እናድርገው የሚሉም አሉ፣ ሁለቱ አፖች አንድ ዳታቤዝ ከሌላቸው ግን ወሬው እዛው ያልቃል።)

የሰርቪሱ ወገን፦

እህቴ 10 መስመር ያልሽው ዛሬ ነው። ኦቨርታይሙን አምጪው እስቲ። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ የቀኑ ትርፍ ሰአት 1.5 እጥፍ ነው፣ የሌሊቱ 1.75፣ የሳምንት እረፍት ቀን 2፣ የበዓል 2.5። እሺ ዛሬ በዓል ነው ወይ የሚለውን ማን ይመልሳል? የገና ቀን አስቀድሞ ይታወቃል፣ ትጽፊዋለሽ፣ ፋሲካ በባህረ ሀሳብ (በቤተክርስቲያን የዘመን ስሌት) ይሰላል፣ ኢድ አልፈጥር ግን ጨረቃ ታይታ ማታ ነው የሚታወቀው። ማታ 3 ሰአት ላይ ነገ ኢድ ነው ተብሎ ጊት ላይ ፋይል ቀይረሽ ሁለት አፕ ዴፕሎይ ልታደርጊ ነው? አንዱ ጋ ካልደረሰ ጥበቃው የሰራበት ሌሊት አንዱ ሲስተም ላይ የበዓል ሌላው ላይ የተራ ቀን ሆነ ማለት ነው፣ ጉልበቱን ነው የሚበላው።

የየራሱ ስሌት ወገን፦

የኢዱ ነገር ይገባኛል፣ በዓልን ሰርቪስ አድርገው፣ እቀበላለሁ። በአንድ ሌሊት የሚቀየር ነገር አንድ ቦታ ነው መኖር ያለበት። ግን ልብ በል፣ ሰርቪሱ የሚሰጠው የቀን ዝርዝር ነው፣ ፋይናንሱ ዝርዝሩን ወስዶ ራሱ ዳታቤዝ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ክፍያውን ሲያሰላ ማንንም አይጠራም። ኔትወርክ ቢቋረጥ የትናንቱ ዝርዝር አለው። በ2012 ክረምት በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ ደሞዝ መክፈል አልቀረም እኮ።

የሰርቪሱ ወገን፦

ሰርቪሱን እዛው ሰርቨር ሩም ውስጥ ካስቀመጥሽው ኢንተርኔት ቢዘጋም ይሰራል። ዝርዝሩን ኮፒ አድርጎ መያዙን ግን ወድጄዋለሁ፣ መቼ እንደተወሰደ ሰአቱ አብሮ ይጻፍ እንጂ። ስሌቱ ላይ አሁንም አልተስማማንም፣ የቴስት ፋይሉ ሁለቱም አፕ ላይ የግድ መሆኑን የሚያስከብር ሰው እስካላየሁ ድረስ ሁለት ቦታ የተጻፈ የግብር ኮድ ላይ አልፈርምም።