ላሟ ሰማይ ላይ፣ ወተቷ ፖርታል ላይ

ከናይት ሺፍት ገብቼ መተኛት ነበረብኝ። ንዴቱ ግን አላስተኛኝ አለ፤ እናንተው ላይ ልተንፍሰው። ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ትልቋ ልጄ እዚሁ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት። ባለፈው ዊንተር መጥታ "ማሚ፣ አንድ ሴሚስተር ስፔን ሄጄ ልማር" አለችኝ። ሳቄ መጣ። እኔ አሜሪካ ለመግባት ስንት ዓመት ዲቪ ሞላሁ፣ እሷ ከአሜሪካ ለመውጣት ፎርም ትሞላለች! በምን ገንዘብ ብላት "መንግሥት ነዋ የሚከፍለው፣ ፋፍሳው እዚያም ይሠራል" አለች፤ ፋፍሳ የመንግሥት የትምህርት እርዳታ የሚጠየቅበት ፎርም ነው። ልጅ ናት፣ አንዱ አታልሏት ነው ብዬ ራሴ አጣራሁ። ልጅቷ እውነቷን ነው። የምትወስደውን ትምህርት የራሷ ዩኒቨርሲቲ በክሬዲት እስከተቀበለላት ድረስ ፔል ግራንቱም (የማይመለሰው የመንግሥት እርዳታ) ሎኑም (የሚመለሰው ብድር) ተከትሏት ይሄዳል። የአውሮፕላን ቲኬቱ እንኳ ዓመታዊ ወጪዋ ስሌት ውስጥ ሊገባላት ይችላል። ግራንቱ በዓመት እስከ 7,395 ዶላር ነው፤ በወላጅ ስር ያለች የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ደግሞ እስከ 7,500 ዶላር ሎን ይፈቀድላታል። ለአንድ ሴሚስተር የሁለቱም ግማሽ። እኛ ግራንቱን ሙሉውን አናገኝም፤ ፋፍሳ የሚያየው የሁለት ዓመት በፊት ታክስ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ እኔ ሁለት ሥራ እሠራ ነበር። ዛሬ ወገቤ አንዱንም አልቻለው፣ እሱን የሚጠይቅ ግን የለም። ይሁን። ቢሆንም ፖርታሏ ላይ፣ ማለትም በፓስወርድ በምትገባበት የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ፣ የተጻፈውን ቁጥር ሳይ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

መቼ ነው የሚደርሰው ብዬ አለመጠየቄ ነው ጉዱ።

ትምህርት ሊጀመር 10 ቀን ሲቀረው! ከዚያ በፊት አይለቀቅም፣ የፌደራል ደንብ ነው። አሁን ከእኔ ጋር ቁጠሩ። ትምህርቱ ሴፕቴምበር ነው የሚጀመረው። የፕሮግራሙ ቀብድ 500 ዶላር ኤፕሪል ላይ ተከፈለ። ቲኬቱ 1,100 ዶላር፣ ጁን ላይ ካልተቆረጠ ይጨምራል ተባለ። አከራይዋ የመጀመሪያ ወር ኪራይና ማስያዣ ሳትቀበል ክፍሉን አትይዝም። ኢንሹራንስ አለ፣ የቪዛ ክፍያ አለ። ከሁሉም የባሰው ቪዛው ራሱ ነው፤ ስፔን ተማሪ ስታስገባ በወር 600 ዩሮ ያህል መኖሪያ እንዳለው አሳይ ትላለች። ለአምስት ወር 3,000 ዩሮ፣ ባንክ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይታያል። በስፔን አልፈርድም፣ የማንን ልጅ በምን ዕዳዋ ትቀልብ። እኔን ያቃጠለኝ የዚህኛው አገር ነገር ነው። ለሌለው ተብሎ የወጣ እርዳታ፣ እሱን ለማግኘት መጀመሪያ ያለው መሆን አለብሽ። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ፓስወርድ አስገብተሽ የምታያት ላም አለች።

ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ። ያነሳችው ልጅ ትሑት ናት፣ አልዋሽም። "ከቸገረዎት ፓረንት ፕላስ የሚባል የወላጅ ሎን አለ፣ በስምዎ መውሰድ ይችላሉ" አለችኝ። "እሱስ መቼ ይመጣል?" አልኳት። "ከሌላው ጋር አብሮ።" ስልኩን ዘጋሁት። እንጂማ ምን ልላት ኖሯል?

አሜሪካ ቀበሌ የለም ያላችሁኝ ሰዎች ደግሞ ወዴት ናችሁ? ሁለቱ ትምህርት ቤቶች የሚፈራረሙበት አንድ የስምምነት ወረቀት አለ፤ እሱ ካልገባ ሳንቲም አይንቀሳቀስም። የውጭ ትምህርት ቢሮው "እኛ ፈርመናል፣ ፋይናንሻል ኤይድ ነው የቀረው" ይላል። ፋይናንሻል ኤይድ "ዲፓርትመንቷ ኮርሶቹን አላጸደቀም" ይላል። ዲፓርትመንቱ ሰመር ላይ የለም፤ ሁሉም ቫኬሽን ወጥቷል። ልጄ ሰባት ፊርማ ለመልቀም ስድስት ሳምንት ፈጀባት። እኔ አራት ኪሎ መሸኛ ለማውጣት ሦስት ቀን ነው የፈጀብኝ፣ ያውም ጸሐፊው ለቅሶ ሄዶ!

ፊርማው አለቀ ስንል ኦገስት ላይ እዚያ ስፔን አንዱ ኮርስ ተሰረዘ። በእነሱ አቆጣጠር 24 ክሬዲት የነበረው 18 ሆነ፣ በእኛ ከ12 ክሬዲት ወደ 9 ወረደ ማለት ነው። ከ12 በታች ከሆነ ደግሞ ሙሉ ተማሪ አይደለሽም፣ ግራንቱም በዚያው ልክ ይቀነሳል። ሌላ ኮርስ እስክታገኝና እሱም እስኪጸድቅ ልጄ እህል አልቀመሰችም። የተገኘው የሸክላ ሥራ ታሪክ ነው። አካውንቲንግ ነው የምታጠናው።

ታዲያ ገንዘቡን ከየት አመጣሽው አትሉኝም? እቁብ! ሃያ ሴቶች ነን፣ በየሁለት ሳምንቱ 250 ዶላር እንጥላለን፣ ባለዕጣዋ 5,000 ትበላለች። የጁኑ ዕጣ ለሌላ እህታችን ነበር የወጣው፤ መኪናዋን ልትቀይር አስባ። ጉዳዬን ስነግራት "ውሰጂው፣ መኪናው ይጠብቃል፣ ልጅቷ አትጠብቅም" አለችኝ። ፎርም አላስሞላችኝም። የታክስ ወረቀት አልጠየቀችኝም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንግ ላይ ቆመን በአምስት ደቂቃ አለቀ። ዳኛችን መዝገቡ ላይ ስሜን ብቻ ቀየረች።

አንድ ጎረቤታችን "ምን አደከመሽ፣ ጠቅልላ ጀርመን ሄዳ አትማርም? እዚያ እኮ ነፃ ነው" አለኝ። የጀርመን መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ የላቸውም፣ እውነት ነው። ግን ዲግሪዋን ሙሉ በሙሉ ከውጭ ትምህርት ቤት ልውሰድ ካለች ፔል ግራንቱ እዚሁ ይቀራል። ሎን ብቻ ነው የሚከተላት፣ እሱም አሜሪካ በዝርዝሯ ውስጥ ያስገባችው ትምህርት ቤት ከሆነ። ጊልማን የሚባል ስኮላርሺፕም አለ፤ በተለይ ፔል ለሚያገኙ ልጆች የተዘጋጀ፣ እስከ 5,000 ዶላር የሚሰጥ። ለመጸው ሴሚስተር ማመልከቻው ማርች ላይ ይዘጋል። የነገሩን ሜይ ላይ ነው። በኢሜይል፣ ከታች፣ በትንንሽ ፊደል። ልጅ ያላችሁ ይቺን እንኳ ያዙልኝ።

አሁን ወደ ዛሬው ንዴቴ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ ገንዘቡ መጣ። ዩኒቨርሲቲው የራሱን ቆርጦ ትራፊውን ላከ፤ ኦክቶበር ላይ፣ በወረቀት ቼክ፣ በልጅቷ ስም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ቤት! ልጅቷ ቫሌንሲያ ናት። የእሷም ጥፋት አለበት፣ አልደብቅም፤ ገንዘቡ በቀጥታ ባንክ እንዲገባላት የሚሞላው ዳይሬክት ዲፖዚት ላይ ያስገባችው የድሮ የተዘጋ አካውንቷን ነው። ቀይሩልን ብንል "ቼኩን በፖስታ መልሱ፣ ተሰርዞ እንደገና ይጻፋል፣ ሳምንታት ይወስዳል" አሉን። ከጀርባው ካልፈረመች ደግሞ ባንክ አይቀበለኝም። የኖቬምበር ኪራይዋ ሊደርስ ነው፣ የእቁቡም 250 እሑድ ይጠብቀኛል፤ ዕጣዬን በልቼ እንዴት እቀራለሁ?

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ከዚህ ከዲሲ አካባቢ በዚህ ሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ስፔን የሚሄድ ሰው የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ማድሪድም ቢሆን ባቡር ይዛ መጥታ ትቀበለዋለች። አንድ ፖስታ ብቻ ነው። ፖስታው ካልከበደው ደግሞ ግማሽ ኪሎ በርበሬ አለች፣ በደንብ ታሽጋለች፣ አትሸትም።