ኮሚሽን «ማርኬቲንግ» የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ሆኜ አንድ የግል ላቦራቶሪ ባለቤት በኤፍኤም ሬዲዮ ሲያወሩ ሰማሁ። ጋዜጠኛው «በሽተኛ ለሚልኩላችሁ ሐኪሞች ኮሚሽን ትከፍላላችሁ ይባላል» ሲላቸው አልካዱም። «እሱ እኮ ማርኬቲንግ ነው፣ አሜሪካም ይሰራበታል፣ ተቆጣጣሪው በክፍል ስፋት የሚያስጨንቀን አንሶ ይሄንንም ወንጀል አታድርጉብን» አሉ። ከስታዲየም ፒያሳ እስክደርስ ደሜ ሲፈላ ነበር።

አሜሪካን ባያነሷት ይሻላቸው ነበር። እዛ በመንግሥት መድን የሚታከም በሽተኛን ለላከ ሰው ገንዘብ መስጠት ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ላቦራቶሪዎችን በግልጽ የሚጠቅስ ሌላ ሕግ ወጣ፣ የግል ኢንሹራንስንም ይጨምራል፣ ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ጥፋት እስከ 10 ዓመት እስርና እስከ 200 ሺህ ዶላር ነው። ሰውዬው ምሳሌ ብለው የጠሩት አገር ቢሆን ኖሮ እንዲህ በሬዲዮ አያወሩትም፣ ጠበቃ ይዘው ነበር የሚቀርቡት።

ደግሞስ ኮሚሽኑን የሚከፍለው ማነው? በላቦራቶሪ ስለሰራሁ አውቀዋለሁ። በሽተኛው 1000 ብር ከፈለ እንበል፣ 300ው ለሐኪሙ ሄደ፣ አከራዩ አይቀንስም፣ ባለሙያውም ደመወዙን ይፈልጋል፣ ታዲያ ከምን ይቀነሳል? ከኮንትሮል ነዋ! ኮንትሮል ማለት ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ናሙና ነው፣ የበሽተኛ ደም ማሽን ላይ ከመግባቱ በፊት እሱ ይሰራል፣ የሚጠበቀውን ቁጥር ካልሰጠ የዚያን ቀን ማሽኑ የሚለው አይታመንም፣ ስኳርህ 90 ይሁን 190 የሚያውቅ የለም። ግን ለኮንትሮል የሚከፍል በሽተኛ ስለሌለ ባለቤቱ ሁሌም እንደ ብክነት ነው የሚያየው። ከዓመታት በፊት በሰራሁበት አንድ ላቦራቶሪ «ነገ ኢንስፔክሽን አለ» ሲባል የሶስት ወር የኮንትሮል ቻርት (የየቀኑ የኮንትሮል ውጤት በነጥብ የሚሰፍርበትን ወረቀት) በአንድ ማታ፣ በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ ሞልተናል፣ እውነት እንዲመስል ነጥቦቹን ከመሀል መስመሩ ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ እያደረግን። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ጠዋት የመጡት ተቆጣጣሪዎች ሜትር አውጥተው የደም መቅጃ ክፍሉን ለኩ፣ ቻርቱን ገለጥ ገለጥ አድርገው ፈርመው ሄዱ። በነዛ ሶስት ወራት ውጤት የወሰዱት ሰዎች ምን እንደተነገራቸው እግዚአብሔር ይወቅ፣ ለሐኪሞቹ የሚሄደው የኮሚሽን ፖስታ ግን አንድም ወር ዘግይቶ አያውቅም።

ኮሚሽን ባለበት ደግሞ ትእዛዝ ይበዛል። አዲስ አበባ ውስጥ ትኩሳት ይዞት ሄዶ «ታይፎይድና ታይፈስ» ሳይባል የተመለሰ ስንት ሰው ታውቃላችሁ? የታይፎይዱ ምርመራ ዊዳል ይባላል፦ አንድ ጠብታ ሴረም (ከደም የተለየው ፈሳሽ) ስላይድ ላይ፣ አንድ ጠብታ ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል)፣ ወዝወዝ ወዝወዝ፣ ከጓጎለ ሪአክቲቭ፣ ማለትም «አለብህ»። ድሮ የያዘህ ታይፎይድም፣ ክትባትም፣ ሌላ ኢንፌክሽንም ሊያጓጉለው ይችላል፣ አንዴ ብቻ የተሰራ ዊዳል ይሄን እንደማይለይ ማንኛውም የላቦራቶሪ ተማሪ ያውቃል፣ የተሻለው የደም ካልቸር ነው፣ ጀርሙን ከደም አሳድጎ ማየት፣ እሱ ግን ቀናት ይፈጃል፣ ዊዳል ወዲያው ይደርሳል፣ ፐርሰንቱም ወዲያው ይታሰባል። ለማያስፈልገው አንቲባዮቲክ የሚከፍለው ያው በሽተኛው ነው።

ሪኤጀንት በዶላር እንደሚገባና ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው እንደናረ አውቃለሁ፣ እሺ። ግን ሪኤጀንት ከተወደደባችሁ መጀመሪያ መቆም ያለበት ኮሚሽኑ አይደለም እንዴ? ደግሞ ሁሉም ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው የሚመኘው አይኤስኦ 15189 የሚባለው የሕክምና ላቦራቶሪዎች ዓለም አቀፍ የጥራት መስፈርት ራሱ ላቦራቶሪ የንግድና የገንዘብ ጫና ገለልተኝነቱን እንዲያበላሽበት መፍቀድ የለበትም ይላል። ሰርተፍኬቱን እየፈለጉ ፖስታውን ማደል እንዴት ነው አብሮ የሚሄደው?

እናቴን ፒያሳ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ወስጃት ነበር። ከሶስት ቀን በፊት ያሰራችውን ሙሉ ምርመራ ከቦርሳዋ አውጥታ ለሐኪሙ ሰጠችው፣ ሳይገልጠው ወደ ጎን አደረገውና «ከነሱ ካልሆነ አላምነውም» ብሎ ሌላ ወረቀት ጻፈላት። ወረቀቱ ራስጌው ላይ የላቦራቶሪው ስምና ስልክ ታትሞበታል፣ ሐኪሙ በእስክሪብቶ ቀስት ሰርቶ «ከባንኩ ጎን» ብሎበታል። «ልጄ፣ ሐኪም ካለ ምን ይደረጋል» ብላ የኪሎ ቡና ልትገዛበት የያዘችውን ብር አውጥታ ከፈለች። ያው ስኳር፣ ያው ኩላሊት፣ ያው ጉበት ነው የተሰራላት፣ ቁጥሮቹም ከመጀመሪያው ብዙም አይለዩም። ይሄ ነው ማርኬቲንግ?

ተቆጣጣሪዎቻችን ይሄን ለማግኘት ውድ ማሽን አያስፈልጋቸውም። ላቦራቶሪ ገብተው የአንድ ወር የትእዛዝ ወረቀት ይቁጠሩ፣ ከየትኛው ሐኪም ስንት እንደመጣ ከሰዓት በኋላ ሳያልቅ ይታወቃል። ከዛ የሐኪሞች ስም በአንድ በኩል፣ ብር በሌላ በኩል የተጻፈበትን ደብተር ይጠይቁ። እኔ በሰራሁበት ቤት ካሸሯ መሳቢያ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው፣ ከደረሰኙ ጥራዝ ስር፣ ሜትር ይዘው የመጡት ሰዎች አንድም ቀን መሳቢያውን ክፈቺ ብለዋት አያውቁም።