499 ነዋሪ ያላት መንደር መንገድ አይገባትም?

ሕንድ በ2000 በጠቅላይ ሚኒስትር አታል ቢሃሪ ቫጅፓዪ ዘመን የጀመረችው የገጠር መንገድ መርሐ ግብር የሚመራው በሰው ቁጥር ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሜዳማ አካባቢ 500 ነዋሪ ያለው መንደር ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ይሠራለታል። በተራራማና በበረሃማ አካባቢዎች 250 ሰው ይበቃል። እስካሁን ከ700 ሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ተሠርቷል፤ ይህን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። 499 ነዋሪ ያላት የሜዳ መንደር ግን ከወረፋው ውጭ ናት። በቆጠራው ዋዜማ አንድ ሕፃን ቢወለድባት ኖሮ መንገድ ይገባት ነበር።

በሴፕቴምበር 2024 የጸደቀው አራተኛው ምዕራፍ 25 ሺሕ መንደሮችን በ62,500 ኪሎ ሜትር መንገድ ለማገናኘት አቅዷል። የነዋሪው ቁጥር የሚወሰደው ግን ከ2011 የሕዝብ ቆጠራ ነው። በ2021 ሊካሄድ የነበረው ቆጠራ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተስተጓጉሎ ወደ 2027 ተሻግሯል። ስለዚህ ዕቅዱ ሲጸድቅ የ12 ዓመት ልጅ የነበረች ተማሪ በዚህ ስሌት ገና አልተወለደችም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ቁጥሩ ራሱ መንገድ በማጣት የሚመነምን መሆኑ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሲወርድ የእርሻ ዳር መተላለፊያው ጭቃ ይሆናል፤ ባጃጅ አይገባም፤ ምጥ የያዛትን ሴት አራት ሰዎች በገመድ አልጋ ተሸክመው አስፋልቱ ድረስ ያወጧታል። እንዲህ ካለ ቦታ ጉልበት ያለው ወጣት ወደ ከተማ ቢሄድ ማን ይፈርድበታል? እሱ በሄደ ቁጥር ደግሞ መንደሩ ከመስፈርቱ ይበልጥ ይርቃል።

በቢሃር ግዛት የጌህሎር መንደር የቀን ሠራተኛ የነበረው ዳሽራት ማንጂ ከ1960 እስከ 1982 ድረስ በመዶሻና በመሮ ኮረብታ ሰንጥቆ መንገድ አውጥቷል። በአትሪና በዋዚርጋንጅ አካባቢዎች መካከል የነበረው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ወደ 15 ወረደ። በ2007 ሲሞት የግዛቱ መንግሥት በክብር ሸኘው፤ በኋላም የፖስታ ቴምብር ታተመለት። ክብሩ ይገባዋል። ነገር ግን አንድ ድሃ 22 ዓመት ድንጋይ የፈለጠው፣ መንግሥት የራሱ ሥራ የነበረውን መንገድ ባለመሥራቱ ነው፤ ይህ በውዳሴ ሊሸፈን አይገባም።

ገንዘብ ውስን ነው፣ ብዙ ሰው ያለበት ይቅደም የሚለው ክርክር ክብደት አለው። ሳም አሸርና ፖል ኖቮሳድ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎችም ይህንኑ የሕዝብ ቁጥር መስፈርት ተጠቅመው ባደረጉት ጥናት መንገዱ በምርትና በገቢ ላይ ያመጣው ለውጥ ትንሽ መሆኑን አሳይተዋል። ዋናው ለውጥ ሰዎች ከእርሻ ወጥተው ሌላ ሥራ መያዛቸው ነበር። እኔ ግን ይህን እንደ ትንሽ ነገር አላየውም። ቀን ሌላ ቦታ ሠርቶ ማታ ከልጆቹ ጋር የሚያድር አባት መንደሩን አይለቅም።

አስፋልት ብቻውንም አያደርስም። የካርናታካ ግዛት በ2023 ሴቶች በመንግሥት አውቶቡሶች በነጻ እንዲጓዙ ፈቅዳለች፤ አውቶቡስ ለማይደርስባት መንደር ሴት ግን ነጻው ትኬት ምኗም አይደለም። ቢሃር በ2006 ለሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች ብስክሌት መስጠት ስትጀምር የተመዘገቡት ልጃገረዶች ቁጥር 32 በመቶ ጨምሯል፤ ለውጡ የጎላውም ትምህርት ቤት በሚርቅባቸው መንደሮች ነው።

የቆጠራው መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ መንደር አውቶቡስ መኖር አለመኖሩን፣ ከሌለም ከ5 ኪሎ ሜትር በታች፣ ከ5 እስከ 10 ወይም ከዚያ በላይ እንደሚርቅ ይመዘግባል። የ2027 ቆጠራ ሲጠናቀቅ የመንገድ ወረፋው ከነዋሪው ቁጥር ጋር ይህን ርቀትና እስከ ሐኪም ቤት የሚፈጀውን ሰዓት አብሮ ይያዝ። 300 ሰው ኖሮባት ከአውቶቡስ 10 ኪሎ ሜትር የምትርቅ መንደር፣ 600 ሰው ኖሮባት ዋናው መንገድ ከአንድ ኪሎ ሜትር ከማይርቃት መንደር ልትቀድም ይገባታል።