ለቆሮሶ ተከራክረን ለሚሊዮን ዝም

የባሕር ዳር ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቀድማችሁ አትቀየሙ። እስክጨርስ ስሙኝ፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ።

ጣና ዳር ወርዳችሁ ዓሣ ስትገዙ እንዴት እንደምትሆኑ ታውቁታላችሁ። ቆሮሶውን ታገላብጣላችሁ። ዓይኑን ታያላችሁ፣ ታሸታላችሁ። «መቼ ወጣ?» ትላላችሁ። «የትናንት ነው አይደል?» ትላላችሁ። ሻጩ ይምላል፤ እናንተ አታምኑም። ሃያ ብር ለማስቀነስ ሄድ ብላችሁ ትመለሳላችሁ። ደግ አደረጋችሁ። በላብ የተገኘ ገንዘብ እንደዚያ ነው የሚወጣው።

ያው ሰው ግን የአክስቱ ልጅ ደውሎ «አንድ ነገር ተገኝቷል፤ ሁለት መቶ ሺህ ብታስገባ በሦስት ወር እጥፍ ነው» ሲለው ሌላ ሰው ይሆናል። ማን ነው የሚያንቀሳቅሰው? አይጠይቅም። ትርፉ ከምን ይመጣል? አይጠይቅም። ፈቃድ አለው ወይ? እሱንማ መጠየቅ ነውር ነው፣ ዘመድ አይደል! ሻዩን ሳይጨርስ በስልኩ ይልካል።

ለትንሹ ገንዘብ ነቄ ነን። ለትልቁ ግን እንተኛለን። ይህ ጠባይ ድሮም ጥሩ አልነበረም፣ አሁን ግን ጨርሶ አያዛልቅም። ምክንያቱም ገንዘባችን የሚኖርበት ዓለም ተለውጧል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ጥቂት ሳምንታት አልፈው 100 ብር ዘለለ። ከዚያ ወዲህም ወደ ኋላ አላለም። ብዙዎቻችን ዜናውን እንደ አዲስ አበባ ወሬ ሰምተን አለፍነው። የሱቅ ባለቤቱ ግን ዕቃ ሊያስመጣ ሲሄድ ተረዳው። ገበሬው ማዳበሪያ ሲገዛ ተረዳው። መድኃኒት የምትገዛ እናትም ሳይነገራት ገባት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ዋናው ነገር እዚህ ስላለ። ብር ሲወድቅ የሚጎዳው ከውጭ ገዝቶ እዚህ የሚሸጥ ነው። የሚጠቀመው ደግሞ እዚህ አምርቶ ለውጭ የሚሸጥ፣ ወይም ከውጭ የሚመጣውን ዕቃ የሚተካ ነው። አሁን ከተማችንን አንድ ዙር ዙሩና ሱቆቻችንን ተመልከቱ። ስንቱ ነው ከውጭ የመጣ ዕቃ የሚቸረችረው? ስንቱስ ነው ዶላር የሚያመጣ ነገር የሚሠራው? መልሱን ለራሳችሁ ተዉኩት።

ደግሞ ገንዘባችን የት ነው ያለው? ሲሚንቶ ውስጥ! ብረቱ ወደ ሰማይ የቆመ፣ መስኮት ያልገባለት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቀረ ቤት ስንት ነው? ባለቤቱን ብትጠይቁት «ቀስ እያለ ያልቃል» ይላል። እስከዚያው ያ ሁሉ ብር አንድ ሳንቲም አያስገባም።

ልክ ነን የምትሉበትን ምክንያት አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ 7 በመቶ ነበር። በዚያ ዓመት ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ሰው ወለዱ ገብቶለትም ከስሯል። መሬት የገዛው ይሻል ነበር። ስለዚህ «መሬት አይከዳም» ማለት እንዲያው ከመሬት ተነስቶ የመጣ አባባል አይደለም። ግን እስቲ አንድ ጊዜ ካልኩሌተር አንሱ። ቤቱ 10 ሚሊዮን ብር ፈጀ እንበል። በወር 30,000 ብር ተከራየ እንበል። በዓመት 360,000 ብር ነው። ከመቶ 3.6 ማለት ነው፣ ያውም ግብሩና እድሳቱ ሳይነሳ። «ዋጋው ይጨምራል» ትላላችሁ። ይጨምር ይሆናል። ልጃችሁ ታሞ በሳምንት ውስጥ ገንዘብ ስትፈልጉ ግን በዚያ ዋጋ የሚገዛችሁ ማን ነው? ይህን ያሰላ ሰው ቤት ቢሠራ አልናገረውም። ጎረቤቱ ስለሠራ ብቻ የሚሠራውን ነው የምናገረው።

መኪናም እንደዚሁ ሆኗል። በሌላው ዓለም መኪና ከሱቅ ከወጣ ዋጋው ይወርዳል። እኛ አገር ያገለገለ መኪና ቁጠባ ሆነ! በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ሲከለክል ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ መኪናው ጉዳይ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ሳያስብ «እንግዲህ ያለው መኪና ይወደዳል» ብሎ ሮጠ። የባትሪ መኪና እየረከሰ ሲመጣ ያ አሮጌ ሞተር ስንት ያወጣል ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ሆቴሎቻችንን አነሳለሁ፣ ባለቤቶቹ ይቅር ይበሉኝ። ሐይቁ ዳር አንዱ ሠርቶ አተረፈ። ሌላው አየና ሠራ። ሦስተኛው፣ አራተኛው ተከተለ። ሁሉም አንድ ደንበኛ ጠበቁ፤ ጢስ ዓባይን አይቶ በጀልባ ገዳማቱን ጎብኝቶ የሚያድረውን እንግዳ። መጀመሪያ ኮሮና መጣ። ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ያለው ግጭት። እንግዳው ቀረ። ግጭቱን ባለሆቴሎቹ አላመጡትም፤ ሰላም ሲጠፋ ሒሳብ ብቻውን አያድንም። ነገር ግን የአንድ ከተማ ሀብት ሁሉ በአንድ ዓይነት እንግዳ ላይ ሲንጠለጠል ምን እንደሚሆን አየን። ባጃጁም፣ አስጎብኚውም፣ ዓሣ አስጋሪውም አብሮ ተራበ።

ወደ ስልኩ ጉዳይ ልመለስ። ይሄኛው ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

«ቪዲዮ ተመልከት፣ ብር ተከፈል።» «ሦስት ሰው አምጣ፣ ደረጃህ ያድጋል።» «ክሪፕቶ ነው፣ አንተ አይገባህም፣ ዝም ብለህ አስገባ።» መጀመሪያ ላይ እውነት ይከፍላሉ። አምስት ሺህ ላስገባ ሰው ስምንት ሺህ ይመልሱለታል። እሱም ደስ ብሎት እናቱን፣ የሥራ ባልደረባውን፣ የጽዋ ማኅበሩን ያስገባል። ያ ስምንት ሺህ ከየት መጣ? ከኋላ ከገቡት። ሌላ ሥራ የለም፣ ፋብሪካ የለም፣ እርሻ የለም። አዲስ የሚገባ ሰው ያለቀ ዕለት ድርጅቱም ያልቃል። ስልኩ ይዘጋል፣ የቴሌግራም ቡድኑ ይጠፋል። ይህ ዓይነት አሠራር በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። ያም ሆኖ በየጊዜው ስሙን ቀይሮ ይመጣል፤ እኛም በየጊዜው እንቀበለዋለን።

ባንክ ያስቀመጣችሁት ገንዘብ ቢያንስ እስከ 100,000 ብር ድረስ የመድን ሽፋን አለው። ለአክስታችሁ ልጅ ሊንክ የላካችሁት ምን ሽፋን አለው?

ይህን ካልኩ ዘንድ የተዘረፋችሁትን ልናገራችሁ። ዝም አትበሉ። አንድ ሰው ሦስት መቶ ሺህ ተበልቶ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ይደብቃል። እሱ ዝም ባለበት ሳምንት ጎረቤቱ ያው ወጥመድ ውስጥ ይገባል። ማፈር ያለበት የወሰደው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ለፖሊስ ተናገሩ፣ ለዕድራችሁም ተናገሩ።

አክሲዮን ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለብን። «በምስረታ ላይ ያለ» አክሲዮን ማኅበር መጣ ሲባል ብሮሹሩን አይተን እንገዛለን። አዳራሽ ውስጥ የታወቀ ሰው ከፊት ተቀምጦ ካየን በቃ። አሁን ግን ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ሰው ሰነዱን በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ማስመዝገብ አለበት። ሰነዱ ውስጥ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል፣ ምን ምን አደጋ እንዳለው ተጽፏል። አንብቡት። ያላነበበ ሰው «ተታለልኩ» ሲል አዝንለታለሁ፣ ግን ግማሹን ብቻ።

ጥር 2017 ዓ.ም. አክሲዮን የሚገበያይበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ ጥቅምት 2017 ላይ፣ ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን ለሕዝብ አቀረበ። አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፤ 9,900 ብር ማለት ነው። የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ነበር። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ። ግዙ እያልኩ አይደለም። ሰነዱን አንብቦ «ዋጋው በዝቶብኛል» ብሎ የተወ ሰው ጎበዝ ነው። የገረመኝ ሌላ ነው። በይፋ የተመዘገበ፣ ሒሳቡ የሚታወቅ፣ በስልክ የሚገዛ ነገር ሲቀርብ «እንጃ፣ አላምናቸውም» ያለው ሰው በዚያው ወር ፊቱን አይቶት ለማያውቀው ሰው እጥፉን ላከ።

የባንክ አክሲዮን ያላችሁም ተጠንቀቁ። በዚህ ከተማ ብዙዎች አላችሁ። ታኅሣሥ 2017 ላይ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ አዋጅ ጸድቋል። እስከ ዛሬ ባንኮቻችን አጥር ውስጥ ሆነው ነው ያተረፉት። አጥሩ ተከፍቷል። የትርፍ ድርሻው እንደ አምና ይመጣል ብላችሁ አትተኙ። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራችሁ ለምሳው ብቻ አትሂዱ፤ የተበላሸ ብድር ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ታዲያ ገንዘባችን የት ይሂድ? እኔ የገንዘብ አማካሪ አይደለሁም። ግን ዓይን አለኝ።

ፎገራ ላይ ሩዝ ይበቅላል። ወረታን ያለፈ ሁሉ ያውቃል። አገሪቱ ግን ዶላር ከፍላ ሩዝ ታስገባለች። የገዢው ቅሬታ አንድ ነው፤ የእኛው ሩዝ ተሰባብሮ፣ ጠጠር ተቀላቅሎበት ይመጣል ይላል። እንግዲህ ጎደሎው መሬቱ ላይ አይደለም፤ መፈልፈያው፣ ማበጠሪያውና ማሸጊያው ላይ ነው። ብር በወደቀ ቁጥር የውጩ ሩዝ ይወደዳል፣ የእኛው ዕድል ይሰፋል። አንድ ያላለቀ ፎቅ የበላው ብር ጥሩ ወፍጮ አይገዛም?

ዓሣውን ተመልከቱ። ከሐይቁ ሲወጣ ትኩስ ነው። በረዶና ማቀዝቀዣ ስለሌለ አስጋሪው እስከ ቀትር በተገኘው ዋጋ ይሸጣል፣ አማራጭ የለውም። በረዶ የሚሠራ ሰው ግን አታገኙም፤ ሁሉም ምግብ ቤት ሊከፍት ነው።

ጣና ዳር ያለችውን ዘጌንና ቡናዋን ደግሞ አትርሱ። በ2017 ዓ.ም. አገራችን ከቡና 2.65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አገኘች። በዚያው ዓመት የዓረቢካ ቡና ዋጋ በኒውዮርክ ገበያ በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) ከ4 ዶላር አለፈ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮ የበቀለ ቡና አይገባብኝም ብሏል። ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ ነጥብ እንዲታይ ይፈልጋል። ሕጉ የሚጀምርበት ቀን እየተገፋ ቢመጣም አልተሻረም። አሁን ዘጌን አስቡት። በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ሆኖ በኖረበት፣ ቡናው ከደኑ ሥር በሚበቅልበት አገር፣ አውሮፓ የሚጠይቀው ነገር አያቶቻችን የሠሩት ነው። የጎደለው ማሳውን የሚመዘግብ፣ ቡናውን ለይቶ የሚያጥብ፣ በስሙ የሚሸጥ ማኅበር ነው። ምርቱ ትንሽ ነው፣ እሱ እውነት ነው። ትንሽ ምርት ግን በስሙ ሲሸጥ ነው የሚከብረው።

«ብቻዬን ምን እችላለሁ» የምትሉ አላችሁ። ዕቁብ የሚጥል ሕዝብ ይህን ሲል አይገባኝም። በየሳምንቱ ሳይጎድል ይጥላል፣ ዳኛ ይመርጣል፣ ዋስ ይጠራል፣ ያላመነውን አያስገባም። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አለን! ዕቁቡ የወጣለት ዕለት ግን ጥንቃቄው የት ይገባል? ባጃጅ ይገዛል፣ ጎረቤቱም ባጃጅ ስለገዛ። አምስት ሆናችሁ ዕቁባችሁን ደምራችሁ አንድ ድርጅት ብታቋቁሙ ምን ይከለክላችኋል? በጽሑፍ ተዋዋሉ፣ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ቅጠሩ። ወንድማማች ስለሆናችሁ ውሉን አትተዉ፤ ወንድማማች ስለሆናችሁ ነው መጻፍ ያለባችሁ።

ሰላሙ ሳይመጣ ምን ይሠራል የሚለኝ አለ። እውነቱን ነው፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሁሉም ዕቅድ ይቆማል። ሆኖም ጥያቄ መጠየቅ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። ማን ነው የሚያንቀሳቅሰው? ትርፉ ከምን ይመጣል? ማን ያውቀዋል፣ የት ተመዘገበ? ልወጣ ብፈልግ በስንት ቀን ብሬን አገኛለሁ? ቆሮሶ የሚሸጥላችሁን ሰው ይህን ያህል ትጠይቁት የለ?

እንግዲህ ያ የአክስታችሁ ልጅ ነገም መደወሉ አይቀርም። በትህትና «ፈቃዱን በዋትሳፕ ላክልኝ፣ አይቼ እደውልልሃለሁ» በሉት። ቢቀየማችሁ ይቀየም።